የኬሚካዊ ዝርያ ምንነትና አመዳደብ፦ ጥያቄና መልስ

በደብረ ማርቆስ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ስለ ኬሚካዊ ዝርያ፣ በትምህርት ቤት ስፒሺስ እያልን ስለምንጠራው ጽንሰ ሐሳብ፣ ከልዩ ልዩ የጎጃም አካባቢዎች ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልስ እሰጣለሁ።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ መምህር፣ ንጥረ ነገርና ውሁድ ብለን ከለየን በኋላ «ዝርያ» የሚለው ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ንጥረ ነገርና ውሁድ የሚሉት ስያሜዎች አንድ ቁስ ከምን እንደተሠራ ይነግሩናል እንጂ በውስጡ የትኛው ቅንጣት እንዳለ አይነግሩንም። የገበታ ጨው በውኃ ሲሟሟ በብርጭቆው ውስጥ ያሉት የሶዲየም አዮን (አዮን ማለት የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት ነው)፣ የክሎራይድ አዮንና የውኃ ሞለኪውል ናቸው፤ በተጨማሪም ከውኃው ከራሱ የሚገኙ ሃይድሮኒየምና ሃይድሮክሳይድ አዮኖች እጅግ በጥቂቱ አሉ። ዝርያ ማለት በኬሚካዊ ማንነታቸው አንድ የሆኑ የእነዚህ ቅንጣቶች ስብስብ ነው። ነጠላው ቅንጣት ሞለኪውላዊ አሃድ ይባላል፤ ይህን ልዩነት ብዙዎች ስለሚዘሉት አደራ እላለሁ።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ቀመራቸው አንድ የሆኑ ሁሉ አንድ ዝርያ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም። በካቲካላ ውስጥ የሚገኘው ኤታኖልና ዳይመቲል ኢተር እያንዳንዳቸው 2 የካርቦን፣ 6 የሃይድሮጅንና 1 የኦክስጅን አቶም አሏቸው። ሆኖም በባሕር ወለል ግፊት ኤታኖል በ78 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲፈላ፣ ኢተሩ ከዜሮ በታች በ24 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የአቶሞቹ አያያዝ ስለተለያየ ዝርያቸውም ተለያየ።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ኦክስጅንና ኦዞንስ?

መልስ፦ አንዱ ሁለት፣ ሌላው ሦስት የኦክስጅን አቶሞች የተያያዙበት ሞለኪውል ስለሆነ ንጥረ ነገሩ አንድ፣ ዝርያው ሁለት ነው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ በዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ኅብረት ትርጓሜ ውስጥ «በሙከራው የጊዜ ልክ» የሚል ሐረግ አለ። ጊዜ ከዝርያ ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ ከትርጓሜው ሁሉ ጥልቅ ሆኖ የማገኘው ይህንን ነው። ትርጓሜው አንድ ዝርያ የሚላቸው በሙከራው ጊዜ ውስጥ ተመሳሳይ የኃይል ደረጃዎችን ሊያዳርሱ የሚችሉ ቅንጣቶችን ነው። ክሎሮሳይክሎሄክሴንን እንውሰድ፤ ክሎሪኑ ከቀለበቱ ወደ ጎን የወጣበትና ወደ ላይ የቆመበት ሁለት ቅርጽ አለው። በተራ የክፍል ሙቀት ቀለበቱ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ስለሚገላበጥ የሞለኪውልን አወቃቀር የሚያሳየው የኒውክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ መሣሪያ የሁለቱን አማካይ ብቻ ያሳያል፤ ስለዚህ እንደ አንድ ዝርያ ይቆጠራል። ከዜሮ በታች ወደ 150 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ግን መገላበጡ ከመዘግየቱ የተነሣ ሁለቱን ቅርጾች ለያይቶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ሁለት ዝርያ ናቸው። እንግዲህ ኬሚስቱ «ስንት ዝርያ አለ?» ከማለቱ በፊት ለምን ያህል ጊዜ እንደሚመለከት መናገር ይገባዋል።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ ዝርያዎች የሚመደቡት በምን በምን ነው?

መልስ፦ በኤሌክትሪክ ሙል ገለልተኛ፣ ካታዮን (አዎንታዊ) እና አናዮን (አሉታዊ)፤ በኤሌክትሮን ጥንድ ረገድ ራዲካል (ጥንድ የሌለው ኤሌክትሮን ያለው) የሆነና ያልሆነ፤ በአወቃቀር ደግሞ አቶም፣ ሞለኪውል ወይም በመካከሉ ብረታዊ አዮን ያለው ኮምፕሌክስ እንላለን። ምድቦቹ ይደራረባሉ፦ ሁለት የኦክስጅን አቶሞችና አንድ ትርፍ ኤሌክትሮን ያሉት ሱፐርኦክሳይድ አናዮንም ራዲካልም ነው።

ጥያቄ (ከጎዛምን፣ የግብርና ባለሙያ)፦ አሲዳማ አፈራችን ላይ ኖራ ስንጨምር አሉሚኒየሙ ይጠፋል?

መልስ፦ አይጠፋም፤ ዝርያው ይለወጣል፤ ለገበሬው ዋናው ነገርም ይኸው ነው። ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ዝቅ ሲል አሲዳማነቱ ይጨምራል) ከ5 በታች ሲሆን በአፈሩ ውኃ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሦስት አዎንታዊ ሙል ያለው የአሉሚኒየም አዮን ነው፤ 6 የውኃ ሞለኪውሎች ከበውት የሚኖር ሲሆን የገብስንና የስንዴን ሥር ጫፍ እንዳያድግ የሚያደርገውም እርሱ ነው። ኖራው ፒኤቹን ከ5.5 በላይ ሲያደርሰው አዮኑ ወደማይሟሟ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ይለወጣል። ስለዚህ የአፈሩን ጠቅላላ አሉሚኒየም መለካት ብቻውን ስለ ጉዳቱ አይነግርዎትም።

ቤተ ሙከራው የሚለካው ከአፈሩ በ1 ሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ ታጥቦ የሚወጣውን አሉሚኒየም ነው። በእጣቢው ላይ ፊኖልፍታሊን (በቤዝ ውስጥ ቀለም የሚያወጣ ጠቋሚ) ተጨምሮበት ሐምራዊ እስኪሆን ድረስ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከተለካ በኋላ፣ በአንድ ጠብታ አሲድ ቀለሙ ይጠፋና ሶዲየም ፍሎራይድ ይጨመርበታል። ፍሎራይዱ አሉሚኒየሙን ወስዶ ሃይድሮክሳይዱን ስለሚለቅቀው ሐምራዊው ቀለም ተመልሶ ይመጣል፤ ያንን ቀለም ለማጥፋት የሚፈጀው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የአሉሚኒየሙ መጠን መለኪያ ይሆናል።