መብራት ሲመጣ ሰርቪሱም አብሮ እንዲነሳ

ጥያቄ፦ መሐል ሜዳ፣ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ኡቡንቱ የተጫነበት ኮምፒውተር አለን። በኪዊክስ አማካኝነት ተማሪዎች ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ያነባሉ፤ ፋይሎቹ ዩኤስቢ ሃርድ ዲስክ ላይ ናቸው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ራሱ ይነሳል፤ ኪዊክስ ግን ሰው መጥቶ ፓስወርድ እስኪያስገባ አይነሳም። በተጠቃሚዬ ስም «ኢኔብል» (ራሱ እንዲነሳ) አድርጌዋለሁ። ምን ቀረኝ?

መልስ፦ የቀረዎት «ሊንገር» ነው፤ ተጠቃሚው ባይገባም ሰርቪሶቹ (ከጀርባ የሚሠሩት ፕሮግራሞቹ) ማሽኑ ሲነሳ እንዲነሱ ያደርጋል። ኡቡንቱ ላይ ሰርቪሶችን የሚያስነሳውና የሚያቆመው ሲስተምዲ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ለብቻው አስተዳዳሪ አለው፤ ተጠቃሚው ሲገባ ይነሳል፣ ጨርሶ ሲወጣ ይዘጋል። ኪዊክስን «ኢኔብል» ያሉት በዚህ አስተዳዳሪ ሥር ስለሆነ፣ እሱ ካልተነሳ ኪዊክስን የሚያስነሳው የለም። ተርሚናል ላይ «ሱዶ ሎግኢንሲቲኤል ኢኔብል-ሊንገር» ብለው የተጠቃሚ ስምዎን ያስከትሉ (ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ጻፍናቸው እንጂ የሚተየቡት በላቲን ፊደል ነው)። አንድ ጊዜ ይበቃል።

«ሲስተምሲቲኤል --ዩዘር» ሲሉ ግን ፊቱ ሱዶ አያስገቡ፤ የሩትን (የማሽኑን ዋና ተጠቃሚ) አስተዳዳሪ ይጠራል እንጂ የእርስዎን አያገኘውም። የሰርቪስ ፋይልዎ መጨረሻ ላይም «ዋንትድባይ=ዲፎልት.ታርጌት» መባሉን ይዩ። ብዙ ሰው «መልቲ-ዩዘር.ታርጌት» የሚለውን ከሌላ ፋይል ይገለብጣል፤ እሱ በተጠቃሚ አስተዳዳሪ ውስጥ የለም።

ከሊንገር በኋላ የሚያስቸግርዎት ዲስኩ ነው። ዩኤስቢውን /ሚዲያ ሥር የሚያመጣው ዴስክቶፑ ነው፣ ያውም ሰው ሲገባ። ኪዊክስ ቀድሞ ሲነሳ ፋይሉን ያጣና ይወድቃል። «ሪስታርት=ኦን-ፌይለር» (ሲወድቅ እንደገና አስነሳው) ቢጽፉም ሲስተምዲ በ100 ሚሊሰከንድ ልዩነት ይደጋግምና በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ከሞከረ ይተወዋል፤ ዲስኩ ሲደርስ የሚጠብቀው የለም። ስለዚህ ዲስኩን በዩዩአይዲ (መለያ) ቁጥሩ /ኢቲሲ/ኤፍስታብ ውስጥ፣ ማሽኑ ሲነሳ የሚያገናኛቸው ዲስኮች በሚዘረዘሩበት ፋይል፣ ያስገቡት፣ «ኖፌይል»ንም ይጨምሩ፤ ያለ እሱ ዲስኩ የተነቀለ ቀን ማሽኑ ራሱ ሲነሳ መንገድ ላይ ይቆማል። «ኖፌይል» ደግሞ ማሽኑ ዲስኩን እንዳይጠብቅ ስለሚያደርግ ኪዊክስ አሁንም ሊቀድም ይችላል። በሰርቪሱ ፋይል ከ«ሪስታርት=ኦን-ፌይለር» ጋር «ሪስታርትሴክ=10» ይጻፉ፤ በየ10 ሰከንዱ እየሞከረ ዲስኩ ሲመጣ ይይዘዋል። በኪዊክስ ፋይል አድራሻ ላይም የ/ሚዲያውን ትተው በኤፍስታብ የሰጡትን አዲሱን ይተኩ።

ፖርቱ (ኪዊክስ የሚከፈትበት የበር ቁጥር) 8080 ይሁን፤ ከ1024 በታች ያሉትን ተራ ተጠቃሚ አይከፍትም። የሰርቪሱን ፋይል በነኩ ቁጥር «ሲስተምሲቲኤል --ዩዘር ዴሞን-ሪሎድ» ይበሉ፤ «ዋንትድባይ»ን ከቀየሩ «ሪኢኔብል» ይጨመራል።

ሲሞክሩ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርገው ፓስወርድ ሳያስገቡ ይተዉትና በዚያው ዋይፋይ ላይ ካለ ስልክ ይክፈቱት። እምቢ ካለ ገብተው «ጆርናልሲቲኤል --ዩዘር -ዩ ኪዊክስ -ቢ» ቢሉ የወደቀበትን መስመር ያገኙታል።