መልስ፦ የይለፍ ቃሉን ብቀይርም ሰው ዋይፋዬን ይጠቀማል

ወንድሜ፣ ደብረ ማርቆስ ያለው ካፌህ የዋይፋይ ቃሉን ሁለቴ ቀይረህም ሰው ከገባብህ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ደብሊውፒኤስን (WPS) ነው፤ የይለፍ ቃል ሳይጻፍ ከዋይፋይ የሚያገናኘውን የራውተሩን አገልግሎት። ቁልፉ ራውተሩ ሥር የተለጠፈችው ባለ 8 አሃዝ ቁጥር ናት። 8 አሃዝ ሲሉት ብዙ ይመስላል። ግን የመጨረሻዋ ከሌሎቹ የምትሰላ ማረጋገጫ ናት፤ የቀሩትን 7 ደግሞ ራውተሩ 4 እና 3 አድርጎ ለየብቻ ስለሚያጣራ፣ ቢበዛ 11,000 ሙከራ ይበቃል። ቁጥሯን ላገኘ ሰው አዲሱን የይለፍ ቃል ራሱ ራውተሩ ይሰጠዋል። ስለዚህ ብትቀይር ባትቀይር ያው ነው።

በኬብል ተገናኝና ብራውዘር ላይ የራውተሩን አድራሻ ክፈት፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። ደብሊውፒኤስን አጥፋ፣ የአድሚኑን ቃል (ወደ ራውተሩ ማስተካከያ የሚያስገባውን) ቀይር፣ የዋይፋዩን ምስጠራ WPA2 ከ AES ጋር የሚለው ላይ አድርግ (TKIP የሚለውን የምስጠራ አማራጭ ተወው፣ አርጅቷል)። የዋይፋዩን ቃል መጨረሻ ላይ ቀይር። አንዳንድ አሮጌ ራውተር ደብሊውፒኤስን ያጠፋ መስሎ አያጠፋም፤ ፈርምዌሩን (የራውተሩን የውስጥ ሶፍትዌር) አድስ፣ እምቢ ካለ ራውተሩን ለውጠው።

የዋይፋዩን ስም መደበቅ ግን ድካም ብቻ ነው፤ ስልኮቹ ራሳቸው ስሙን እየጠሩ ይፈልጉታል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ካልቆመ አስተናጋጆቹን ጠይቅ። ስልካቸው ላይ "አጋራ" ሲነኩ የሚወጣው ኪውአር ኮድ የይለፍ ቃሉን በግልጽ ይዟል። ለደንበኛ የእንግዳ ኔትወርክ ለይተህ ክፈት።