ሽንትሽ ንፁህ ነው ይሉኛል፣ ህመሙ ግን አለ፦ ስለ ፊኛ ህመም ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሽንት ፊኛ ህመም የላካችሁልኝን ጥያቄዎች ቁጭ ብዬ አንብቤያለሁ፣ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። የምናወራው ኢንተርስቲሻል ሲስታይቲስ፣ ባጭሩ አይሲ ስለሚባለው፣ ኢንፌክሽን ሳይኖር ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ የፊኛ ህመም ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ሜሪላንድ የምኖር ከዚህ በሽታ ጋር ለአመታት የቆየሁ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ መድሃኒት አላዝም፣ የማውቀውን ግን ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

ጥ፦ በየጊዜው ያቃጥለኛል፣ ቶሎ ቶሎ ያጣድፈኛል። ፋርማሲ ሄጄ ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ እገዛለሁ፣ ትንሽ ይሻለኛል ከዛ ይመለሳል። ላብራቶሪ ንፁህ ነው ይሉኛል። አይሲ ነው?

እህቴ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ግን የተሰራልሽ ተራ የሽንት ምርመራ ነው ወይስ ካልቸር? ካልቸር ማለት ባክቴሪያ ካለ እንዲያድግ ቀናት የሚጠበቅበት ነው፣ መድሃኒት ሳትጀምሪ ነው መሰራት ያለበት። እሱም ንፁህ ከሆነና ህመሙ ከ6 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ጠጠር ስኳር ምናምን ከሌለ ያኔ ሐኪሞች አይሲን ያስባሉ። አይሲ ነው ብሎ ቁርጡን የሚናገር አንድ ምርመራ የለም፣ ሌላው ሁሉ እየተጣራ ነው የሚደረስበት። ሲፕሮ የተሻለሽ የመሰለሽ ደሞ ህመሙ በራሱ እየመጣ እየሄደ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። እባክሽ ራስሽ እየገዛሽ አትዋጪ፣ ሲፕሮ ጅማትና ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፣ የአሜሪካው የመድሃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2016 ሌላ አማራጭ ካለ ለቀላል የሽንት ኢንፌክሽን አይሰጥ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ኢንፌክሽን ለሌለበት ፊኛ አንቲባዮቲክ ምንም አይሰራም።

ጥ፦ እናቴ ብርድ መቶሽ ነው ትለኛለች።

አይሲን ብርድ አያመጣውም። ግን ሙቀት የተወጠረውን ጡንቻ ስለሚያላላ እናትሽ ሆድሽ ላይ ሙቅ ውሃ የያዘ ላስቲክ አድርጊ ካለችሽ እሺ በያት፣ እኔም ሲነሳብኝ የማደርገው እሱን ነው፣ በፎጣ ጠቅልዬ።

ጥ፦ ቡና ማቆም አለብኝ ወይ? (ይሄን ያልጠየቀ የለም)

ቡና፣ ሻይ፣ ሎሚና ብርቱካን፣ ቲማቲም፣ በርበሬና ሚጥሚጣ፣ አልኮል፣ ለስላሳ መጠጥ፣ አምቦ ውሃም ጋዝ ስላለው፣ እነዚህ በብዛት የሚያስነሱ ናቸው። ግን ሁሉም ሁሉን ሰው አያምም። ስለዚህ ሁለት ሶስት ሳምንት በሙሉ ተዪያቸው፣ ከዛ አንድ በአንድ መልሺ፣ በመካከላቸው ቢያንስ ሶስት ቀን ይኑር፣ ሁለት አንድ ላይ ከመለስሽ የቱ እንዳመመሽ አታውቂም። እኔ ቲማቲም አይሆንልኝም፣ እንጀራ ግን ምንም አላደረገኝም፣ በጣም ካልኮመጠጠ በቀር። በርበሬ ትንሽ ከሆነ እችላለሁ። ቡናን ደሞ ጠቅላላ ከቤቴ ማስወጣት አልቻልኩም፣ ጎረቤት ሲጠራኝ እየሄድኩ ከጭሱም ከጨዋታውም እካፈላለሁ፣ አቦሉንና ቶናውን አሳልፌ በረካውን ግማሽ ሲኒ እወስዳለሁ፣ ቀጭን ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይምረኛል። ህመሙ በተነሳበት ሳምንት ግን በረካም የለም።

ለጾም የጠየቃችሁኝ፣ ጾም ላይ ችግሩ ሽሮው ውስጥ ያለው በርበሬና የቲማቲም ሰላጣው ነው፣ አልጫ ክክ፣ ድንች፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት ይስማማል። ውሃ ሳይጠጡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱ ግን ሽንቱን ስለሚያወፍረው ያቃጥላል፣ ለንስሐ አባታችሁ በግልፅ ንገሯቸው፣ ለታመመ ሰው ይፈቅዳሉ። ሙስሊም እህት ወንድሞቼም በረመዳን ለታመመ ያለውን ፈቃድ ታውቃላችሁ፣ ሐኪማችሁን ጠይቃችሁ ወስኑ።

ጥ፦ መንገድ ስሄድ ውሃ አልጠጣም፣ ትክክል ነኝ?

አይ ወንድሜ፣ የወፈረ ሽንት የተቆጣውን ፊኛ ይበልጥ ያስቆጣዋል። ጠዋት አንድ ሊትር ገልብጦ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ጉንጭ ጉንጭ አድርገህ ጠጣ። የጤነኛ ሰው ፊኛ ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ይይዛል፣ የኛ ግን በጥቂቱ ይጮሃል። ረጅም መንገድ በአውቶብስ ከሆነ ሳትነሱ ለረዳቱ ታምሜያለሁ አቁምልኝ እላለሁ ብለህ ንገረው፣ መንገድ ላይ ከመለመን ይሻላል።

ጥ፦ ሪያድ ሰው ቤት ነው የምሰራው። ማዳም ሽንት ቤት አበዛሽ ብላ ትቆጣኛለች፣ እይዘዋለሁ።

እህቴ አንጀቴን ነው የበላሽው። አምጠሽ መያዙ ህመሙን ያባብሰዋል። ክሊኒክ ከወሰዱሽ በአረብኛ የተፃፈ ወረቀት ለምኚ፣ ፊኛዋ ታሟል ቶሎ ቶሎ መሽናት አለባት የሚል ይሁን፣ የአንቺን ቃል ያልሰማች የሐኪም ወረቀት ልትሰማ ትችላለች። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ጎንሽን መውጋት ከመጣ ግን ያ አይሲ አይደለም፣ ኩላሊት የደረሰ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዛው ቀን ሐኪም ማየት አለብሽ።

ጥ፦ አሚትሪፕቲሊን አዘዙልኝ፣ ሳነብ የድብርት መድሃኒት ነው። አብደሻል እያሉኝ ነው?

አይደለም! በትንሽ መጠን፣ ብዙ ጊዜ ማታ 10 ሚሊግራም ተብሎ ይጀመርና፣ የነርቭ ህመም ለማብረድ ነው የሚሰጠው። አፍ ያደርቃል፣ ያስተኛል፣ ሆድ ያደርቃል፣ በራስሽ ድንገት አታቁሚ። ኤልሚሮን የሚባለው ደሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ለዚሁ በሽታ የተፈቀደ ነው፣ በ2020 ግን ረጅም ጊዜ ሲወሰድ የአይን ሬቲናን ሊጎዳ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ ተጨምሮበታል፣ የምትወስዱ ካላችሁ አይናችሁን ታዩ። ካሜራ አስገብተው ፊኛ ግድግዳ ላይ ሃነር የሚባለውን ቁስል ካገኙ ያንን ማቃጠሉ ብዙ ሰው በጣም ያሳርፋል።

ጥ፦ የማህፀን አካባቢ ጡንቻ ማጠንከሪያ ስፖርት፣ ኬግል፣ ልስራ?

ለአይሲ አይመከርም። ብዙዎቻችን እዛ አካባቢ ያለው ጡንቻ ቀድሞውኑ ተወጥሯል፣ የሚያስፈልገው ማላላት ነው። ፊዚዮቴራፒስት ካገኘሽ ጥሩ፣ ካላገኘሽ በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበትሽን አጥፈሽ በሆድሽ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ።

ጥ፦ ግንኙነት ያመኛል፣ ባሌ ደሞ በሽታ ይዘሽ ነው እያለ ይጠረጥረኛል።

አይተላለፍም። የአባላዘር በሽታ አይደለም፣ ካንሰርም አይደለም። ባልሽን አብሮሽ ሐኪም ጋ አስገቢው፣ ከሐኪሙ አፍ ይስማው። ሲያምሽ ደሞ አይሆንልኝም የማለት መብት አለሽ፣ ችሎ ማለፉ ህመሙን ከማብዛት ሌላ ምንም አይፈይድም።

ጥ፦ አባቴ 70 አልፏቸዋል፣ ሌሊት አራት አምስቴ ይነሳሉ፣ አንዳንዴ ደም አለው።

አይሲ ብላችሁ አትቀመጡ። ፕሮስቴትና ስኳር ይታዩ፣ ደሙ ደግሞ ባያማቸውም ቶሎ ዩሮሎጂስት (የሽንት አካላት ሐኪም) ጋ መሄድ አለበት፣ ጠጠር ወይ ዕጢ ሊሆን ይችላል። አዋሽ ሸለቆ አካባቢ የኖሩ ከሆነም ይንገሩ፣ እዛ ፊኛን የሚያጠቃ ቢልሃርዝያ አለ።

ጥ፦ ጠበል ብዙ መጠጣት ይጎዳኛል?

እምነትሽን አትተዪ፣ ግን ብዙ ባንዴ ሲጠጣ ፊኛው ይወጠርና ያማል፣ በትንሽ በትንሹ ውሰጂ፣ መድሃኒትሽንም አታቋርጪ።

ጥ፦ ሐኪም ጋ ስገባ ሁሉም ይጠፋብኛል፣ ምን ልበል?

ሶስት ቀን ፃፊ። ስንት ሰዓት ሸናሽ፣ ስንት ሚሊ ሊትር (መስመር ያለው የፕላስቲክ ጆግ ይበቃል)፣ ህመሙ ከአስር ስንት ነው፣ ምን በላሽ ምን ጠጣሽ። ወረቀቱን ገና ስትገቢ ስጪው፣ ካልቸር ተሰርቶ ከነበረም ውጤቱን ከነቀኑ አያይዢበት፣ ከዚህ በፊት የወሰድሻቸውን መድሃኒቶች ባዶ ፓኬታቸውን ሰብስበሽ ያዢ።