ውሃውን ማን ጨመረው?

ሰሞኑን አንድ ልጅ ደወለልኝ። ሁለት ዓመት ከእኔ ጋር ሠርቶ አሁን ለብቻው ቤት ለቤት እየዞረ የጄኔሬተር ሰርቪስ ይሠራል። «ጋሼ፣ የናፍጣ ማጣሪያውን ከታች ስፈታው ውሃ ወጣ። እትዬ ማን ጨመረው እያሉኝ ነው፤ ምን ልበላቸው?» አለኝ። «ቆይ፣ መልሼ እደውልልሃለሁ» ብዬ ዘጋሁት። እስካሁን አልደወልኩም። ይህን የምጽፈው ለእሱም፣ እንደ እሱ መፍቻ ይዛችሁ ለተነሣችሁም ነው።

በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ነበር፤ አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። አቅም ያለው ሁሉ ጄኔሬተር ገዛ፣ እኛም ምሳ የምንበላበት ጊዜ አጣን። ገርጂ አካባቢ አንዲት ደንበኛ ነበሩኝ። ጄኔሬተራቸው ጉልበቱ 20 ኬቪኤ ነው፤ ግቢው ጥግ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ተተክሏል፣ የናፍጣ ታንከሩም ለብቻው ከጎኑ ቆሟል። በ2002 የተከዜ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፣ ፈረቃው ቀረ፣ ጄኔሬተሩም ተረሳ። ታንከሩ ግማሹን ባዶ እንደሆነ ተቀመጠ።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ለሰርቪስ ሄድኩ። ዘይትና ፊልትሮ ቀየርኩ። የታንከሩን ክዳን ስከፍት የውስጡ ጎማ ተሰነጣጥቋል። ነቀልኩና ኪሴ ከተትኩት፤ ልኩን ነገ ገዝቼ እመጣለሁ ብዬ ክዳኑን እንዲሁ ያለ ጎማ መለስኩት። በነጋታው ሌላ ቤት ተጠራሁ፣ ከዚያም ሌላ ቤት። ክረምቱ ገባ። የቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ ደግሞ ልክ ከታንከሩ በላይ ነበር።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ዘበኛው አስነሣው፤ ጥቂት ሠርቶ እየተንተፋተፈ ጠፋ። በማግስቱ መጥቼ ማጣሪያውን ስፈታ ሁለት የሻይ ብርጭቆ የሚሞላ ውሃ ወጣ። እመቤቲቱ አጠገቤ ቆመዋል፣ ዘበኛው ጋቢውን ደርቦ ከኋላቸው። «ናፍጣውን እየቀዳ ሸጦ ውሃ ሞላበት፤ አይደል?» አሉኝ። ዓይኔ ክዳኑ ላይ ነበር። የሁለት ሰርቪስ ሒሳብም አልተከፈለኝም ነበር።

«ሊሆን ይችላል» አልኩ።

ዘበኛው አልተከራከረም። አንዴ ብቻ አየኝ። ሚያዝያ ላይ ጎማውን ስነቅል ክዳኑን የያዘልኝ እሱ ነበር። «እግዜር ይየው» ብሎ ዕቃውን ሊሰበስብ ገባ። ሒሳቤ እዚያው ተቆጠረልኝ። ጎማዋን ከወር በኋላ ከቱታዬ ኪስ አገኘኋት፤ ዛሬም መሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ አለች። ሰውየውን በኋላ ፈልጌው ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ በደንብ አልፈለግኩትም።

ውሃ እኮ ማንም ሳይጨምረው ይገባል። ግማሽ ባዶ በሆነ ታንከር ውስጥ እርጥብ አየር አለ፤ ቀን ሞቆ ሌሊት ሲበርድ የታንከሩ ግድግዳ ያልበዋል። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ወርዶ ከታች ይተኛል። ስለዚህ ክረምት ሳይገባ ታንከሩን ሙሉት፣ ማጣሪያውንም ንጹሕ ናፍጣ እስኪወርድ ድረስ አፍስሱት።

ዘይት በየስንት ሰዓቱ እንደሚቀየር ከጄኔሬተሩ ጋር የሚመጣው መጽሐፍ ላይ አለ፤ መጽሐፉን ተከተሉ። ሰዓቱ ባይሞላም በዓመት አንዴ ይቀየር። የአየር ፊልትሮ ላይ ግን መጽሐፉን አትመኑት፤ የጻፈው ሰው የገርጂን የግንባታ አቧራ አላየም።

አንድ ነገር ግን ያናድደኛል፦ በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ አስነሥቶ ማጥፋት። እኔ ራሴ ስንቱን ዘበኛ እንዲህ አድርግ ብዬ አስተምሬያለሁ! ሞተሩ ሳይሞቅ ይጠፋል፣ ያልተቃጠለ ናፍጣ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ባትሪውም ለማስነሣት የሰጠውን ሳያስመልስ ይቀራል። በወር አንዴ ለግማሽ ሰዓት ጭነት ስጡት። እንጀራ የሚጋገርበትን ቀን ጠይቁና የኤሌክትሪክ ምጣዱን በጄኔሬተሩ አሠሩ፣ የውሃ ማሞቂያውንም ጨምሩበት። አንዲት ደንበኛዬ በዚህ ሰበብ በየወሩ ትኩስ እንጀራ ታበላኝ ነበር፤ እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው።

የዛሬ ልጆች አንድ ቡሎን ሳትፈቱ ስልክ ታወጣላችሁ። ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ከዚያ ዩቲዩብ። ጆሯችሁን ሞተሩ ላይ የምትጥሉት መቼ ነው እያልኩ ስንቴ ተቆጥቻለሁ። ሆኖም ሚያዝያ ላይ ያንን ጎማ የሌለው ክዳን ፎቶ የሚያነሣ አንድ ልጅ አብሮኝ ቢኖር ኖሮ፣ ነሐሴ ላይ ያችን ቃል ለመናገር አፌ አይደፍርም ነበር። እንግዲህ አንሡ፤ እኔም መቆጣቴን አልተውም።

ለልጁ ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ። መጀመሪያ የምጠይቀው ክዳኑን አይቶት እንደሆነ ነው።