«18 ሞልቶኛል፤ መነጽሬን በሌዘር ላስወልቅ?»

የደረሰኝ ደብዳቤ በአጭሩ ይህን ይላል። ጸሐፊዋ የደሴ ልጅ ናት፤ 12ኛ ክፍልን ተፈትና ውጤት እየጠበቀች ነው። ሕልሟ አብራሪ መሆን ነው፤ ግን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ መነጽር ታደርጋለች። ቨርጂኒያ የሚኖረው አጎቷ በነሐሴ መጥቶ ህንድ ሊወስዳትና ዓይኗን በሌዘር ሊያሠራላት ቃል ገብቷል። «18 ሞልቶሻል፣ ሕጉ ይፈቅድልሻል፤ ዘንድሮ ካልሆነ ግን ለከርሞ ቃል አልገባም» ብሏታል። እናቷም ደስ ብሏቸዋል። እሷ የምትጠይቀው ዕድሜዋ በቂ መሆኑን ነው።

እህቴ፣

መልሱን ላስቀድምልሽ፦ በዚህ ክረምት ዓይንሽን አታሠሪ።

አጎትሽ ስለ 18 የሰማው ልክ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለላሲክ፣ ማለትም መነጽር ለማስወለቅ ለሚደረገው የሌዘር ኦፕሬሽን፣ የተፈቀዱት ማሽኖች ከ18 ዓመት በታች ላለ ሰው አልተፈቀዱም፤ አንዳንዶቹ ከ21 ጀምሮ ነው የተፈቀዱት። ነገር ግን 18 ሲሞላሽ የሚከፈትልሽ የምርመራ ክፍሉ በር ነው። ገብተሽ ስትቀመጪ ሐኪሙ የሚጠይቅሽ ሌላ ነው፦ የመነጽርሽ ቁጥር ቆሟል ወይ?

በፎቶ የላክሽልኝን ሦስቱን ማዘዣዎች ጎን ለጎን አየኋቸው። የቀኝ ዓይንሽ በ16 ዓመትሽ ማይነስ 2.75፣ በ17 ማይነስ 3.50፣ ዘንድሮ ማይነስ 4.25። በየዓመቱ 0.75 ጨምሯል። ሐኪሞቹ የሚፈልጉት ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ ከ0.50 በላይ ያልተንቀሳቀሰ ቁጥር ነው። ያንቺ ገና እየሄደ ነው።

ይህ ለምን እንደሚያሳስብ ላስረዳሽ። ሩቅ የማያይ ዓይን ብዙውን ጊዜ ከፊት ወደ ኋላ የረዘመ ነው። ሌዘሩ ርዝመቱን አይነካም፤ ከፊት ያለውን ግልጽ ሽፋን፣ ኮርኒያውን፣ ልጦ ለዛሬው ቁጥር ያስተካክለዋል። ዓይኑ መርዘሙን ከቀጠለ መነጽሩ ተመልሶ ይመጣል፣ የተላጠው ግን አይተካም። ኮርኒያ በአማካይ 540 ማይክሮን ያህል ነው፤ ግማሽ ሚሊሜትር አለፍ ብሎ ማለት ነው። ለአንድ ዲዮፕተር፣ ማለትም ለአንድ ሙሉ የመነጽር ቁጥር፣ ከ12 እስከ 15 ማይክሮን ይነሣል፤ ለቀኝ ዓይንሽ እንግዲህ ከ50 እስከ 65 ነው። ላሲክ ከሆነ አስቀድሞ 100 ማይክሮን ገደማ የሆነ ክዳን ይቆረጣል፤ ክዳኑ በቦታው ቢመለስም እንደ ቀድሞው አይደግፍም። ከሥር ሳይነካ መቅረት ያለበት ቢያንስ 250 ነው፤ 300 ካልሆነ የማይሉ ሐኪሞችም አሉ። ኮርኒያሽ አማካዩን የሚያህል ከሆነ ዛሬ ይበቃሻል። በ21 ዓመትሽ «እንደገና ይሠራልኝ» ስትዪ ግን የሚቀነሰው ከዚያው ከተረፈው ነው።

ከደብዳቤሽ ሁሉ እኔን ያስደነገጠኝ ግን እንደ ዋዛ ያለፍሽው ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ዓይኔን ከልጅነቴ ጀምሮ ያሳክከኛል፤ በበጋ አቧራ ሲነሣ ሳሸው ነው የምውለው።» ይህን ለዓይን ሐኪም ነግረሻል? ኬራቶኮነስ የሚባል በሽታ አለ። ኮርኒያው እየሳሳ ሄዶ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በእናንተ ዕድሜ ነው፤ ከአለርጂና ዓይንን አብዝቶ ከማሸት ጋርም ይያያዛል። አንዱ ምልክቱ ቶሎ ቶሎ የሚቀያየር መነጽር ነው፣ በተለይ ማዘዣው ላይ «ሲሊንደር» የሚለው ቁጥር ሲያድግ። ያንቺን አየሁት፦ ከ0.50 ተነሥቶ 1.50 ገብቷል።

በሽታው አለብሽ እያልኩ አይደለም። ሐኪም አይደለሁም፣ ሐኪምም ቢሆን ከማዘዣ ወረቀት አያውቀውም። የሚታወቀው የኮርኒያ ቶፖግራፊ በሚባል ምርመራ ነው፤ አገጭሽን መደገፊያው ላይ አድርገሽ ጥቂት ሰከንድ መብራት ታያለሽ፣ አለቀ። የዓይንሽ ገጽ እንደ ተራራ ካርታ በቀለም ተሥሎ ይወጣል። ኬራቶኮነስ ያለበትን ዓይን በላሲክ መላጥ ያልቆመውን በሽታ ማባባስ ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ደግሞ እንዳይቀጥል የሚገታው ክሮስሊንኪንግ የሚባል ሕክምና አለ። ስለዚህ ህንድ ሄድሽም አልሄድሽም ይህን ምርመራ አድርጊ፤ ደሴ ካልተገኘ አዲስ አበባ ነይ። ማሸቱን ከዛሬ ጀምረሽ ተዪ፣ ለማሳከኩም መድኃኒት ይዘዙልሽ። ጠብታ ግን በራስሽ ከፋርማሲ እየገዛሽ እንዳታደርጊ፤ ስቴሮይድ ያለበት ሆኖ ሲገኝ የዓይን ግፊት ከፍ ያደርጋል።

አሁን ወደ ሙያዬ፣ ወደ አቪዬሽኑ፣ ልምጣ። ይህ ሁሉ ጣጣ የተነሣው «አብራሪ መነጽር አያደርግም» ከሚል ወሬ ነው። ያደርጋል። ኢትዮጵያ በ1944 እ.ኤ.አ. የቺካጎውን ስምምነት ከፈረሙት አገሮች አንዷ ናት፤ ከዚያ ስምምነት የተወለደው የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለንግድ አብራሪ የሚጠይቀው እያንዳንዱ ዓይን 6/9፣ ሁለቱ አብረው 6/6 እንዲያዩ ነው፤ በመነጽርም ቢሆን (6/6 ጤናማ ዓይን የሚያየውን ያህል ማየት ነው፣ 6/9 ከዚያ ጥቂት ያንሳል)። ግዴታው መነጽሩን አድርጎ መብረርና ትርፍ መነጽር አጠገብ ማስቀመጥ ነው። አየር መንገዶች ሠልጣኝ ሲመለምሉ ከዚህ የጠበቀ መስፈርት ሊያወጡ ይችላሉ፤ ማስታወቂያው ሲወጣ ቃል በቃል አንብቢው፣ በወሬ አትመሪ።

ከኦፕሬሽኑ በፊት ለአንደኛ ደረጃ የአቪዬሽን ጤና ምርመራ፣ መነጽርሽን እንዳደረግሽ፣ ፈቃድ ያለው ሐኪም ዘንድ ሂጂ። የቀለም ምርመራውን ብትወድቂ ሌዘር አያድንሽም፤ ቀለም መለየት ከኮርኒያው ጋር አይገናኝም። ከኦፕሬሽን በኋላ ደግሞ አንዳንድ ሰው ማታ መብራት ዙሪያውን ቀለበት ሠርቶ ይታየዋል፣ ይበተንበታል። ለባንክ ሠራተኛ ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። ሌሊት ማኮብኮቢያ ለሚፈልግ ሰው ግን ምንም አይደለም አይባልም።

እኔም በ19 ዓመቴ አብራሪ ልሆን ተመዝግቤ ነበር። መነጽሬን ኪሴ ከትቼ ተሰለፍኩና ከፊቴ ያለው ልጅ ሲያነብ የመጨረሻውን መስመር በቃሌ ያዝኩ። ተራዬ ሲደርስ ሐኪሙ ሰሌዳውን ቀየረው። እኔ ግን የያዝኩትን በልበ ሙሉነት ወረድኩት፤ እስኪበቃው ሳቀና «ልጄ፣ መነጽርህን አድርግና ጥገና ክፍል ሂድ» አለኝ። ሄድኩ። 14 ዓመት መነጽሬን በላስቲክ ከማጅራቴ አስሬ ሞተር ውስጥ ስንጥቅ ፈለግሁ፤ እንደኛ ያለ ዓይን ደግሞ ለቅርብ ነገር አይታማም። የአውሮፕላን ጥገናን በቅጽሽ ላይ ሁለተኛ አድርገሽ ሙዪ። ውድድሩ ቀላል ነው አልልሽም፣ ግን አውሮፕላኑን ከውስጡ ታውቂዋለሽ፣ ደመወዝም ይዘሽ ትጠብቂያለሽ።

ስለ አጎትሽ ሳልሸፋፍን ልናገር። ስጦታው የፍቅር ነው፣ ይስጥልኝ። «ዘንድሮ ካልሆነ» የሚለው ግን የእሱ የእረፍት ጊዜ ነው፤ ዓይንሽ በእሱ የእረፍት ፈቃድ አያድግም፣ አይቆምም። በሰው አገር፣ በአሥር ቀን ቆይታ፣ ቲኬት ተቆርጦ ከተገባ በኋላ «አላሠራም» ብሎ መመለስ ለአንዲት የ18 ዓመት ልጅ ከባድ ነው። እምቢታው ከዚህ ቢነገር ይሻላል። 21 ወይም 22 ሆኖሽ ቁጥሩ ከቆመና ኮርኒያሽ ደህና ከሆነ ያኔ ጠይቂ፤ ክዳን የማይቆረጥበትን ፒአርኬንም ጨምረሽ ጠይቂ። የጥቂት ቀን ሕመም አለው፣ ማገገሙም ይዘገያል።

እናትሽ «መነጽሩ ፊትሽን ሸፈነው» ላሉት ፍሬሙን ቀይሪ። ሴት መሆንሽን ደግሞ እንደ ችግር አትጻፊው፤ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2010 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆናለች።

አጎትሽ ሒሳብ ሠራተኛ ነው ብለሻል። እንግዲያው በቃል አትከራከሪው። ሦስቱን ማዘዣዎች በዓመታቸው ቅደም ተከተል በአንድ ፎቶ አንሺያቸው፤ ከሥር 2.75፣ 3.50፣ 4.25 ብለሽ ጻፊና ላኪለት። ቀጥሎ የሚመጣውን ቁጥር እሱ ራሱ ይገምት። ቶፖግራፊውን ደግሞ በነሐሴ ሲመጣ እሱ ይክፈልልሽ።