«አይ ፒቲ ዩ» ለሐዘንተኛ ይባላል ወይ?

እኅታችን «እናቱ ለሞተችበት የውጭ ሀገር ባልደረባዬ ‘አይ ፒቲ ዩ’ ብዬ ልጻፍለት ወይ? ፒቲ ማለት ማዘን አይደለም ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። እባክዎ አይጻፉለት። ዘርዘር አድርጌ የምመልስልዎ፣ መንዝ መሐል ሜዳ እንግሊዝኛ ሳስተምር ይህንኑ ስሕተት እኔም ስለ ሠራሁ ነው።

አብራን ታስተምር ለነበረች አንዲት የውጭ ሀገር መምህርት የአባቷ መርዶ በስልክ ደረሳት። ሐዘንተኛ እንደሚጠየቀው ሁሉ መምህራኑ ተሰብስበን ሄድንና ዝም ብለን አብረናት ተቀመጥን። ስንነሣ ሌሎቹ በአማርኛ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሲሏት፣ እኔ በቋንቋዋ ባናግራት ይቀላታል ብዬ «አይ ፒቲ ዩ» አልኳት። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። ከሳምንታት በኋላ ራሷ አንሥታ እንደ ነገረችኝ፣ ቃሉ በጆሮዋ የገባው «ምስኪን፣ አንቺን አያድርገኝ» ያልኳት ያህል ሆኖ ነበር። ያን ቀን ያዘንኩትን ያህል በመምህርነት ዘመኔ አላዘንኩም።

እኛ «አንጀቴን በላው» ስንል የሚጎዳው የተናጋሪው አንጀት ነው፤ አዛኙ ከሐዘንተኛው ጎን ይቀመጣል። ፒቲ ግን በዛሬው የእንግሊዝኛ ንግግር ብዙ ጊዜ ከደኅናው ወደ ተጎዳው፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ስሜት ነው። ዱሮ እንዲህ አልነበረም፤ ቃሉ ከላቲኑ «ፒየታስ» ተነሥቶ በጥንታዊ ፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ሲሆን፣ ፈሪሃ እግዚአብሔርን ከሚገልጸው «ፓየቲ» ጋር ከአንድ ሥር የበቀለ ነው። በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስም ምሳሌ 19፥17 ላይ ለድሃ ማዘን የተገለጸው በዚሁ ቃል ነው። ስለዚህ በጸሎትና በቆየ ጽሑፍ ሲያገኙት ንቀት አለበት ብለው አይተርጉሙት። ንቀቱ ጎልቶ የሚሰማው፣ ግሡ ፊት ለፊት «አንተን» ተብሎ ለሰው ሲነገር ነው።

ለባልደረባዎ «አይ አም ሶ ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» ብለው ይጻፉለት። ተማሪዎቼ «ሶሪ» ይቅርታ መጠየቂያ ብቻ ስለሚመስላቸው «ምን በድዬው ነው?» ይሉኝ ነበር፤ እዚህ ግን ሐዘን መጋሪያ ነው። ከፍ ላለ ደብዳቤ «ሲምፓቲ» ይሻላል፤ የግሪክ ሥሩ አብሮ መታመም ማለት ስለሆነ፣ ለእኛ የለቅሶ ልማድ ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ይመስለኛል።

ይህን ስል ግን «ፒቲ»ን ጨርሰው እንዲሸሹት አይደለም። ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ሁኔታ ሲነገር ምንም ንቀት የለበትም፤ «ኢት ኢዝ ኤ ፒቲ» ማለት «ያሳዝናል፣ ምነው ባይሆን ኖሮ» እንደ ማለት ነው። ጣርማ በር ላይ ጉም ወርዶ ቆላው ሳይታየው ለተመለሰ እንግዳ «ዋት ኤ ፒቲ!» ቢሉት የሚቀየም የለም። በዚህ አገባቡ ከፊቱ «ኤ» እንደምትገባ ያስተውሉ፤ ርኅራኄን ብቻ ሲገልጽ፣ «ሺ ፌልት ፒቲ ፎር ዘ ቻይልድ» እንደሚባለው፣ አትገባም። «ቴክ ፒቲ ኦን» ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አዝኖ መርዳትን ይጨምራል፤ ዝናብ እየመታው የቆመ መንገደኛን ሾፌር አዝኖለት ሲያሳፍረው የሚባለው ይህ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ተማሪዎቼን ከሁሉ በላይ ያሳስታቸው የነበረው «አሳዘንከኝ» የሚለው ቃላችን ነው። በአማርኛ አንድ ሰው «አዘነለት» እና «አዘነበት» የተለያዩ ናቸው፤ «አሳዘንከኝ» ግን ሁለቱንም ይሸከማል። ፒቲ የሚይዘው የ«ለ»ን ብቻ ነው። ቃሉን አጥፎ ላስቀየመዎት ሰው ቅሬታዎን ሊነግሩት ሲፈልጉ የሚሉት «ዩ ዲሳፖይንትድ ሚ» ነው።