ለጀማሪ ጂኦሎጂስቶች፦ ናሙና ከማንሳታችሁ በፊት

በሰሜን ሸዋ አድጋችሁ ጂኦሎጂ ያጠናችሁ ልጆች፣ የወርቅ ፍለጋ ሥራ ወደ አሶሳ ወይም ወደ አዶላ ሲወስዳችሁ አፈር ወደ ላብራቶሪ ለመላክ አትጣደፉ። መጀመሪያ አፈሩ ከሥሩ ካለው አለት የበሰበሰ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ የመጣ? የሚለውን ለዩ።

የምዕራብ አውስትራሊያ የወርቅ አሳሾች ገጸ ምድሩን በሦስት ይከፍሉታል፦ ጥንታዊው የብረት ሽፋን፣ ማለትም ላተራይቱ ያልተነካበት፤ ሽፋኑ ታጥቦ የበሰበሰ አለት የወጣበት፤ ደለልና ከተዳፋት የወረደ ኮረት የተከማቸበት። በመጀመሪያው የብረት ጠጠሩን፣ በሁለተኛው አፈሩን አንሱ። በሦስተኛው የላይኛው አፈር ስለ ታችኛው አለት ብዙም አይመሰክርም፤ ደለሉ እስኪያልቅ መቆፈር ግድ ነው። የሦስቱን ውጤት በአንድ ሚዛን የሚያነጻጽር ካርታ ለእኔ ካርታ አይደለም።

መለያው በቦይ ግድግዳ ወይም አንድ ሜትር በሚሆን ጉድጓድ ውስጥ ይታያል። በቦታው የበሰበሰ አለት በቢላ እስኪቆረጥ ቢለሰልስም የቀድሞ ንጣፉና የኳርትዝ ሥሩ፣ ማለትም አለቱን ሰንጥቆ የሚያልፈው የኳርትዝ መስመር፣ እንደነበሩ ይቆያሉ። ሥሩ ድንገት ተቆርጦ ከበላዩ የድንጋይ ረድፍ ካለ፣ ከረድፉ በላይ ያለውን ተጠራጠሩ። የብረት ጠጠሩን ሰብራችሁ በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር እዩ፦ ያልተጓዘው ብዙ ጊዜ ቢጫማ ቡናማ ስስ ቅርፊት አለው፤ የተጓዘው ቅርፊቱ ተፍቆ ወይም ተሰባብሮ ይገኛል። በቀለም ብቻ አትፍረዱ፤ ቀይ አፈር ሁሉ ላተራይት አይደለም። ነጭ ነገር ካያችሁ 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ አድርጉበት። ከፈላ ካርቦኔት፣ ማለትም ኖራማ ነገር ነውና መዝግቡት፤ በደቡባዊው የምዕራብ አውስትራሊያ ክፍል ወርቅ ከአፈር ካርቦኔት ጋር ይከማቻል።

የአገራችን ባዛልት፣ ማለትም ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ አለት፣ ወርቅ ባይሰጥም ዓይን ያሠለጥናል። በደብረ ሲና ተዳፋት የተንሸራተተን መሬት፣ በጀማ ሸለቆ ከባዛልቱ ሥር የወጣውን አሸዋ ድንጋይና ኖራ ድንጋይ በ1፡25,000 ካርታ ላይ ለማስፈር ሞክሩ። መንገድ ተከትላችሁ ሳይሆን ከሸንተረሩ እስከ ወንዙ ተዳፋቱን አቋርጣችሁ ሂዱ። የእነዋሪ መረሬ፣ ማለትም ጥቁሩ ሸክላ አፈር፣ በበጋ ሲሰነጠቅ የላዩ አፈር ወደ ስንጥቁ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከጉድጓድ ግድግዳ ስታነሱ ስንጥቁን ራቁ። በእርከን ካብ ጀርባ የተጠራቀመው አፈርም ከላይኛው ማሳ የመጣ ነው፤ በደለል መድቡት።